የመሀል ተከላካዩ እጅ

ባየሁት ቀን ነው የጠላሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከአጎቱ ፒክአፕ ላይ ዘሎ ወረደ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ማንንም ሰላም ሳይል ሜዳውን አቋርጦ መጣና እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆመ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንገቱ በጆሃንስበርግ ፀሐይ ተልጦ ቀልቷል። "ሦስት ቁጥር የምጫወተው እኔ ነኝ" አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። በዚያ ቦታ ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። አንድ ነገር ይለዋል ብዬ ወደ አሰልጣኙ ዞር ብል፣ አጎንብሶ የጫማውን ክር ያስራል።

ጨዋታው ሀርሊንግ ይባላል፤ የአየርላንዶች ነው። ጫፉ ሰፋ ብሎ በተቆለመመ ዱላ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይመታሉ። ኳሷን ከመሬት መምታት ይቻላል፣ አየር ላይም መምታት ይቻላል፣ በእጅ መያዝም ይቻላል። ጭንቅላት ላይ ሄልሜት ይደረጋል፤ እጅ ግን ባዶውን ነው። እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በሥራዬ በኩል ነው። በአንድ የግል ሆስፒታል ኤክስሬይ አነሳለሁ። አንድ ቀን ሸምገል ያለ አየርላንዳዊ አውራ ጣቱ ተሰብሮ መጣ፤ በደህናው እጁ ዱላውን ይዟል። ዱላውን ሳየው ጣቱን ረሳሁት። "ይሄ እኮ ገና ነው፤ የኛ ጨዋታ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ "የእናንተ ከሆነ ቅዳሜ መጥተህ አሳየኝ" አለኝ። ያ ሰው ነው በኋላ አሰልጣኜ የሆነው። ከከተማው ሰሜን በኩል የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ መሐንዲሶች፣ አስተማሪዎች፣ አየርላንዳዊት ያገቡ የአገሬው ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከነሱ መሀል አንድ ሐበሻ እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ቁጥር፣ መሀል ተከላካይ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ "እዚህ ቁም፣ ማንንም አታሳልፍ" ተብሎ ቦታ ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ልጁ ስለ ራሱ ማውራት ይወድ ነበር። አየርላንድ ውስጥ ዱላ የጨበጠው በስድስት ዓመቱ ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ለክፍለ ሀገሩ የወጣት ቡድን ተሰልፎ፣ እሱን አልፎ ግብ ያገባ አጥቂ አልነበረም፤ እሱ እንደሚለው። ባለፈው ዓመት ግን መራጮቹ "ጎበዝ ነህ፣ ግን ቀጭን ነህ፤ ሥጋ ጨምረህ ተመለስ" ብለው መለሱት። አጎቱ ጆሃንስበርግ ውስጥ ቤት ያሠራል። እሱ ጋር መጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሊሸከም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጫወት፣ በየካቲት ተመልሶ ለዋናው ቡድን ሊፈተን ነው። በየካቲት ለፈተና ተጠርቷል። አፉን በከፈተ ቁጥር "የካቲት" ይላል። በየካቲት ካልተመረጠ ዕድሜው ያልፋል፣ ከኋላው የሚመጡት ብዙ ናቸው። ይህን ሲናገር ብቻ ነበር ድምፁ ዝቅ የሚለው።

ጎበዝ ነበር። ይህን መጻፍ አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል፤ ግን ጎበዝ ነበር። ሌሎቻችን ኳሷ ከሰማይ ስትመጣ ወደ ላይ አንጋጠን እንጠብቃለን። እሱ ኳሷን አያይም፤ የሚያየው የአጥቂውን ወገብ ነው። ወገብ አይዋሽም ይላል። መጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ብቻ ባዶ እጁን በዚያ ሁሉ ዱላ መሀል ሽቅብ ይሰድና ኳሷን እንደ በሰለ ፍሬ ቀጥፏት ይወርዳል። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን እንዲያ አድርጌ አላወቅሁም። እጅ ውስጥ ሃያ ሰባት አጥንት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ተሰብረው የማያቸው እነሱን ነው። ይህን ምክንያት ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ልጁ ሰምቶ "እኛ አገር ይሄንን ፍርሃት ነው የምንለው" አለና ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ "ኤክስሬይ" ይለኝ ጀመር። "ኤክስሬይ፣ እባብ እየገደልክ ነው እንዴ?" "ኤክስሬይ፣ እግርህ ካንተ ቀድሞ ይሸሻል።" እኔም ዝም አላልኩም። ሲሚንቶ ተሸካሚ አልኩት፣ የተላጠ ድንች አልኩት። አፌ ለስድብ አይሰንፍም። ግን እሱ ሰድቦኝ ሄዶ ኳሷን ይይዛል፤ እኔ ሰድቤው ኳሷ ታመልጠኛለች። በሁለት ወር ውስጥ ከመሀል ወደ ጥግ ወሰዱኝ፤ ከጥግ ደግሞ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለኝ የአባቴ ነገር ነው።

አባቴ ጀፕ በሚባለው የጆሃንስበርግ የሐበሾች ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። የተወለደው ከደብረ ብርሃን ማዶ ነው፤ በወጣትነቱ በገና ጨዋታ ስሙ የሚነሳ ሰው ነበር፤ እሱ እንደሚለው። ሁሉም ሰው ስለ ራሱ እንደሚለው ነው፤ አባቴን ግን አምነዋለሁ። ጆሃንስበርግ ከመጣም በኋላ ገናን አልተወም። የሀብታም ሰፈር መንገድ ዳር ወይራ ተተክሎ አገኘ። ያው የኛው ወይራ ነው። ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ዘበኛ መጥቶበት "ባባ፣ ምን እያደረግህ ነው?" ቢለው፣ በጀፕ ዙሉኛው ሰላምታ አዥጎድጉዶለት ዱላውን ይዞ ወጣ። በየዓመቱ የገና ዕለት እሱና ሽማግሌ ጓደኞቹ የጀፕን ወጣቶች ሰብስበው ያጫውታሉ። ወጣቶቹ አብዛኞቹ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ናቸው፤ የገናን ጨዋታ ያወቁት እዚህ፣ ከአባቴ ነው። እኔን ሀርሊንግ ሜዳ መጥቶ እንዲያየኝ ሁለት ዓመት ለመንኩት። "ቅዳሜ ገበያ ነው ልጄ" ይለኝ ነበር። ሐቁን ነው፤ ቅዳሜ ጀፕ ውስጥ ታክሲ ላይ የሚጫነው ብርድ ልብስ አያልቅም።

ሰኔ ላይ ብርዱ ሲጠና አሰልጣኙ "ልጁ የሚለብሰው የለውም፣ አባትህ ሱቅ ውሰደው" አለኝ። ሳልወድ በግድ ወሰድኩት። ዱላውን ከእጁ አይለይም፤ ይዞት ገባ። አባቴ ዱላውን አየና ከወንበሩ ተነሳ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ በብርድ ልብሱ ክምር መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ የማሸጊያ ፕላስተር ጥቅልል ጥለው ሁለቱም ይጠልዙ ጀመር። ደንበኞች ቆመው ሳቁ። ብርድ ልብሱን ያለ ዋጋ ሰጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ሜዳ መጣ። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረም።

የሚቆመው ልጁ ከሚጠብቀው ግብ ኋላ ነው። "ጎሽ! እሰይ የኔ አንበሳ!" ይላል፤ አንበሳው ልጁ ነው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ "ይሄ ልጅ የተከላካይ ልብ አለው" አለኝ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንተማ ሩሯን ትፈራታለህ" አለኝ፤ ኳስን ሁልጊዜ ሩር ነው የሚላት። በቁጣ ቢናገረው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ምንም ሳይመስለው፣ መንገዱን እያየ ነው የተናገረው።

መስከረም ላይ ለልጁ የወይራ ዱላ ጠረበለት። ለኔ ጠርቦልኝ አያውቅም። ትሮይቪል ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ ልጁ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ያያል፣ አባቴ ይጠርባል፣ እኔ መሀል ቆሜ አስተረጉማለሁ። የገናን ሕግ እየነገረው ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ በለው። ጌታ ቢሆን፣ ሎሌ ቢመታው አይቆጣም" አለኝ፤ ለልጁ አስተረጎምኩለት። "ደግሞ እኛ መንደር ሌላም ሕግ አለ በለው። ሳያውቅ የመታ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይጫወታል፣ የተመታውም ዝም ይላል። ይቅርታ የሚጠይቅ አውቆ የመታ ሰው ብቻ ነው። እሱ ዱላውን መሬት ላይ ይጥላል፣ ይቅርታ ይላል፣ ጨዋታው ይቆማል። ያን ጊዜ ይታረቃሉ።"

ልጁ አሰበና ጠየቀኝ፤ "አውቆ መትቶ ዝም ቢልስ?"

ለአባቴ አስተረጎምኩለት። መጥረቢያውን አቁሞ ቀና አለ። "እንዲህ ያለ ሰው ከኛ መንደር አልወጣም በለው" አለኝ። እንዳለውም አልኩት። ልጁ ሳቀ። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ አጠናው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የዓመቱን የመጨረሻ ልምምድ አደረግን። ለሁለት ተከፈልን። አሰልጣኙ ተከላካይ ስለበዛበት እኔን አጥቂ አድርጎ እሱ ፊት አቆመኝ። ያን ቀን ከሰዓቱን ሁሉ ሲገፋኝ ዋለ። በትከሻው ይገፋኛል፣ በዳሌው ይገፋኛል፣ "ኤክስሬይ፣ አባትህ እያየህ ነው" ይለኛል። አባቴ በእርግጥም ከግቡ ኋላ ቆሞ ነበር፤ የሚያየው ግን እኔን አይደለም። ኳሷ ከሩቅ ተመታችና ወደ ሰማይ ወጣች። ልጁ ያስተማረኝን አደረግሁ፤ ኳሷን አላየሁም። እሱን አየሁት። እጁ ሽቅብ ሲወጣ አየሁና በሙሉ ጉልበቴ መታሁ።

ኳሷ ገና ከእጁ አንድ ክንድ ያህል በላይ ነበረች። እኔ አውቃለሁ። ከኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አንጋጠው ኳሷን ነበር የሚጠብቁት።

ድምፁን እዚህ አልጽፈውም። ልጁ በጉልበቱ ወረደና እጁን ደረቱ ላይ አቀፈ። አሰልጣኙ እየሮጠ መጥቶ "ያጋጥማል፣ ያጋጥማል" አለ። አባቴም ሮጦ ደረሰ። መጀመሪያ ልጁን አየው፤ ቀጥሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ዝም አልኩ። ዱላዬን አልጣልኩም። አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና እጁን ልጁ ራስ ላይ አድርጎ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ" አለው። ዝምታዬን አምኖ ነው።

ቅርብ ያለው ሆስፒታል የኔው መሥሪያ ቤት ነበር። ተረኛ ባልደረባዬ የመኪና አደጋ ሰዎች ይዞ ስለነበር፣ ላብና ሣር እንደሆንኩ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አጥልቄ እኔ አነሳሁት። እጁን ይዤ ሰሌዳው ላይ መዘርጋት ነበረብኝ። አብጦ ይሞቃል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳስተካክል ዐይኑን ከፊቴ ላይ አላነሳም። ምስሉ ሲወጣ ከጣቶቹ ሥር ካሉት አጥንቶች ሁለቱ ተሰብረዋል፤ አንደኛው ለሦስት ተከፍሏል። ብሎን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

"የካቲት?" አለኝ።

"የካቲት አይሆንም" አልኩት። ስናገረው የተሰማኝን አውቀዋለሁ። ደስታ ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፣ ግን ደስታ ነበር።

"የአባትህ ሕግ እዚህም ይሠራል?" ሲል ጠየቀኝ።

"ይሠራል" አልኩት።

"ዝም ያልከው ሳታውቅ ስለመታኸኝ ነው ማለት ነው።"

"አዎ።"

ራሱን ነቀነቀ። ብሎኑ ገባለት። የአገሩ መራጮች በስልክ አይዞህ ብለውት ሌላ ሦስት ቁጥር ጠሩ። አሰልጣኙም ደውሎልኝ "አዲሱ ዓመት ሲገባ ቦታህ ያንተ ነው" አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔም በዚያ ሰሞን በቤቱ ውስጥ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ ግን በየሳምንቱ ለልጁ ሾርባ በቴርሞስ ይዞ ይሄድ ነበር። "በባዕድ አገር እጁን የተሰበረ ልጅ ነው" ይላል። እናንተ ቢደርስባችሁ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ በሾርባው ቀናሁ።

የገና ዕለት ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ቆሜ አስቀደስኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ከሰዓት በኋላ እኔና አባቴ ገና የምንጫወትበት ሜዳ ስንደርስ ልጁ ቀድሞን መጥቷል። አባቴ ነው የጠራው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ተጠቅልሏል፤ በግራው አባቴ የጠረበለትን ወይራ ይዟል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደ አገሩ ይበራል። የጀፕ ልጆች "ብራዘር፣ ባንድ እጅ ልትጫወት ነው?" ብለው ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ቡድን ስንከፋፈል ከኔ በተቃራኒ ቆመ። አባቴ እንደ ልማዱ "ሚናህን ለይ! ሚናህን ለይ!" እያለ ሁሉንም በየወገኑ አቆመ።

ከኋላ ቆሜ ግቡን እጠብቅ ነበር። ጨዋታው ደርቶ ሩሯ ሜዳው ማዶ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ ደርሳለች። ልጁ ወደዚያ አልሮጠም። ወደ እኔ ነው የመጣው። ቀስ ብሎ እየተራመደ መጣ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ለዚያ ነው ያልጠረጠርኩት። ደረሰና በግራ እጁ በያዘው ዱላ ቅልጥሜን መታኝ። ወደቅሁ። ዐይኔ ጨለመ። በአማርኛ ሰደብኩት፣ በእንግሊዝኛ ሰደብኩት፣ መሬቱን ዳብሼ ዱላዬን አነሳሁ። ጨዋታው ቆሞ ሁሉም ወደኛ ሮጡ።

ልጁ የወይራ ዱላውን መሬት ላይ ጣለው። "ይቅርታ" አለ። ጥርት አድርጎ፣ በአማርኛ።

ሽማግሌዎቹ ሕጉን ያውቃሉ፣ የጀፕ ልጆችም ከአባቴ ተምረውታል። አውቄ መትቼዋለሁ ማለቱ ነው። ግን አልሄደም። ቆሞ ያየኛል። ጀሶ ያለውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ እንዳየኝ አድርጎ ያየኛል። የሚጠብቀውን አውቄያለሁ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ራሴ ያስጠናሁት ቃል።

አባቴ እሱን አየ፣ የተጣለውን ዱላ አየ፣ ጀሶውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው አየሁ። ዱላዬ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

"አንተስ?" አለኝ። በቀስታ ነው ያለው፤ እኔና እሱ ብቻ እንድንሰማው ያህል።

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ብናገራት ሁለታችን እንታረቅ ነበር፤ አባቴም አጠገቤ ይቆም ነበር። ነገር ግን ልጁ እንደገና ሊያሸንፈኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አልኩ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የልጁን ዱላ ከመሬት አነሳና ሰጠው፤ ግንባሩን ሳመው። የራሱን ዱላ ለአንዱ ሽማግሌ አቀብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እያነከስኩ ተከትዬው ከኋላ ወንበር ገባሁ።

ልጁ አገሩ ገባ። ለዋናው ቡድን ተሰልፎ አያውቅም፤ አሰልጣኙ ነው የነገረኝ። እኔ ሦስት ቁጥርን ለብሼ አራት ዓመት ተጫወትኩ። አባቴ አንድም ቅዳሜ ሊያየኝ አልመጣም፤ ሲጠየቅ ቅዳሜ ገበያ ነው ይላል።